ያለቀለት ቤት

ያን ቀን ቤታችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ትንሿን ልጄን አዝዬ፤ የጠዋት ፈረቃ ተምራ የተመለሰችው ትልቋ ልጄ፤ ከምናለሽ ተራ ሥራውን አቋርጦ የመጣው ባለቤቴ፤ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ፤ ቤቱን ሲጠግኑልን የሰነበቱት ሽማግሌ አናጢ፤ የቀበሌው ጸሐፊ ከነፋይሉ፤ ከኮሌጅ የተላከችው ልጅ። ጭድ የጫነች አህያም በር ላይ ቆማ ነበር። ባለቤቷ ጭዱን ለማራገፍ ቦታ ስላጣ እኛ እስክንጨርስ ጠበቀ። አህያዋንና ባለቤቷን የምቆጥራቸው ለቀልድ አይደለም። በኋላ ማን ምን እንዳለ ክርክር ሲነሳ፣ ባለአህያው በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ መስክሮብኛል።

ቤቱ ከመሳለሚያ ወደ ገበያው ሲወርዱ፣ ከበርበሬ መጋዘኖቹ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ሆነ፤ እኛም የቀበሌ ተከራይ ሆነን ቀረን። ባለቤቴ ባዶ በርሜል እየቀደደና እየቀጠቀጠ ምድጃና ባልዲ ይሠራ ስለነበር፣ ቤቱ ቀዳዳ ባወጣ ቁጥር የበርሜል ቆርቆሮ ይለጥፍበታል። ጎረቤቴ በዚህ ትስቅብን ነበር። የእናንተ ቤት ግማሹ ጭቃ ግማሹ ዘይት ነው፣ ክብሪት እንዳታስጠጉት ትለን ነበር። እሷ ስትስቅ እኔ እውነት እየመሰለኝ ክብሪቱን ከግድግዳው አርቄ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጥ ነበር። እንዲህ ነኝ። ሰው የሚስቅበት ነገር እኔን ያሰጋኛል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከብዶ የጓሮው ግድግዳ ሆዱን ነፋ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የልጆቹን ፍራሽ ወደ ፊተኛው ክፍል እጎትታለሁ፤ ሲያባራ ደግሞ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ይነቃነቅ እንደሆነ አያለሁ። መስከረም ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ በእኛ መንገድ ያሉት ቤቶች በሙሉ ሊታዩ መሆኑን ነገረን። የሚታደሰው ይታደሳል፤ እንጨት ቀበሌው ይሰጣል፣ ጉልበቱ የተከራዩ ነው። የማይታደሰው ግን ይፈርሳል፤ ሰዎቹም ከከተማው ዳር ወዳለ አዲስ ቦታ ይዛወራሉ።

ከተማው ዳር ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኔ ግን ባለቤቴ በእግሩ የሚሄድበት ሥራ በአውቶቡስ ሊሆን ነው። ልጄ ገና የለመደችው ትምህርት ቤት ሊቀር ነው። ትንሿ ልጄ ደረቷ ደካማ ስለነበር ጤና ጣቢያው ቅርብ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ከአንዋር መስጊድ የሚሰማው አዛን እንኳ ሰዓቴ ነበር፤ ወጥ የምጥደው፣ ልጆች የምጠብቀው በእሱ ነው። ስለዚህ ከስብሰባው እንደወጣሁ በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቱ እንዳይፈርስ።

ሽማግሌውን አናጢ ለምነን አመጣናቸው። እሳቸው የፊተኛውን ክፍል ግድግዳ በደንብ ሠሩት። አሮጌውን ጭቃ አራግፈው አልጣሉትም፤ ጓሮ ከምረው ውኃ አጠጡት፣ አዲስ ጭድ ነሰነሱበት፣ ባለቤቴ በእግሩ ረገጠው፣ ከዚያ ሸፍነው እንዲብላላ ሳምንት አቆዩት። ለምን አዲስ አፈር አናመጣም ብዬ ስጠይቃቸው፣ አሮጌ ጭቃ ለአዲሱ እርሾ ነው አሉኝ። የፊተኛው ክፍል ሲደርቅ ስንጥቅ የሚባል አልነበረበትም።

የጓሮው ግን አልደረሰም ነበር። ቤቱን የሚያዩት ሰዎች ነገ ይመጣሉ ሲባል ደንግጬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ሆዱን በነፋው ግድግዳ ላይ ቀጭን ጭቃ ለቀለቅሁበት፤ በላዩ ኖራ ቀባሁት፤ ከታች ያለውን ጥቁር እርጥበት ደግሞ በጆንያ ሸፈንኩት። ሽማግሌው በማግስቱ ጠዋት መጥተው ሲያዩት ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉኝ።

ወዲያው ጸሐፊው በሩን አንኳኳ።

ከኮሌጅ የተላከችው ልጅ ገና ሃያዎቹ ውስጥ የነበረች፣ መነጽር ያደረገች፣ በግራ እጇ የምትጽፍ ቀጭን ልጅ ናት። ሰላምታ ሰጥታን ደብተሯን ከፈተችና፣ የመጣችው ቤቱ ቢፈርስም ቢታደስም በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጥናት መሆኑን ነገረችን።

አካባቢ ስትል እኔ የገባኝ ሰፈሩ ነው። ጉዳት ስትል ደግሞ ሰው የከሰሰን መሰለኝ። ማንንም አልጎዳንም አልኩ። ባለቤቴ በርሜል የሚቀጠቅጠው ምናለሽ ተራ እንጂ እዚህ አይደለም፣ ጎረቤት በጩኸት አናስቸግርም፣ ልጆቼም ድንጋይ አይወረውሩም አልኳት። ጎረቤቴ ደግሞ ዓይኔ እሷ ላይ ማረፉን አይታ በንዴት ተነሳች። «እኔ አልከሰስኩም! ልጆቼ ይሙቱ፣ ቀበሌ የረገጥኩት ስኳር ለመውሰድ ብቻ ነው» አለች። ጸሐፊው ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችብንም። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች በሌላ ቃል ነገረችን።

«እትዬ፣ የምጠይቀው ይህን ነው። ይህ ቤት ቢታደስ ምን ይበላል፣ ምን ይጥላል? ቢፈርስና አዲስ ቢሠራስ ምን ይበላል፣ ምን ይጥላል? ሌላ ምንም አይደለም።»

ይህ ገባኝ። የልጅ ነገር ነው። የሚበላውንና የሚጥለውን የማታውቅ እናት የለችም።

ደብተሯ ላይ መስመር አሰመረች፤ በአንድ በኩል የሚገባ፣ በሌላ በኩል የሚወጣ ብላ ጻፈች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ለፊተኛው ክፍል ስንት አህያ ጭድ ገባ? ውኃውስ? ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቦኖ ላይ ተሰልፌ የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ በባልዲ ቆጥሬ ነገርኳት። አፈር ከየት አመጣችሁ ስትል ከየትም አላመጣንም፣ የራሱ ነው አሏት ሽማግሌው። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸውና ያንን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ቢፈርስ ፍርስራሹ የት እንደሚጣልም ጠየቀች። ወንዝ ዳር ነዋ አለ ጸሐፊው፤ ሁሉም የሚጥለው እዚያ ነው። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ከታች ያሉትን ቤቶች የሚያጥለቀልቀው ለምን ይመስላችኋል ብላ ጠየቀችን። እኔ እስከዚያ ቀን ጎርፍ ከሰማይ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ንዴቷ በርዶላት ወደ ጨዋታ ተመለሰች። ባልዲው ሲቆጠር፣ ጭዱ ሲቆጠር አይታ፣ እኔን ሲድሩኝ እንኳ እንዲህ አልተቆጠረም አለች።

ቀጥሎ ልጅቷ እንጨቱን ማየት ፈለገች። ሽማግሌው ፊተኛው ክፍል ጥግ ላይ ከምርጊቱ ጥቂት ፋቁላትና ቋሚውን አሳዩአት። ጥድ ነበር። ዓመታት አጥቁሮት እንደ ብረት ጠንክሯል። ልጅቷ በእጇ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ ልጄንም አስሸተተቻት። ይህ እንጨት የተቆረጠበት ጫካ ዛሬ የለም አለች። አሁን ቢፈርስ በቦታው የሚመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ከእንጦጦ ተቆርጦ ነው፤ ጥዱ ደግሞ ማገዶ ሆኖ ይነዳል። ይህን ስትል ድምጿ ዝቅ አለ። ለእንጨት እንዲህ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ ጓሮው ግድግዳ ሄደች። ኖራውን አይታ ትናንት የተቀባ መሆኑን አወቀች፤ ጣቷ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጆንያውን አነሳችው። ሽማግሌው በሚስማር ከስር ሲወጉት ሁለቱ ቋሚዎች እንደ እርጥብ ዳቦ ሚስማሩን ዋጡት። ሌሎቹ ደህና ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ለምን በሰበሱ ብላ ጠየቀች። ትልቋ ልጄ መለሰችላት።

«እማዬ የዕቃ እጣቢ እዚህ ነው የምትደፋው፤ አቧራ እንዳይነሳ ብላ» አለች።

እውነት ነው። ለትንሿ ልጄ ደረት ስል አቧራ እፈራ ነበር፤ ስለዚህ እጣቢውን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ከግድግዳው ስር እደፋ ነበር። ግድግዳዬን ያበሰበሰው ክረምቱ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጅቷ ግን ይህንንም ጻፈችው፤ እንደ ጥሩ ዜና ነው የጻፈችው። ምክንያቱ ከታወቀ ሁለት እንጨት ብቻ ይቀየራል፣ እጣቢው ቦይ ይወጣለታል አለች። ባለቤቴ ቦዩን ከበርሜል እሠራዋለሁ አለ። ልጄ ያን ገጽ ስለወደደችው፣ ልጅቷ ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ ሁለቱንም ዓምዶች በጥሩ ፊደል ገልብጣ ሰጠቻት። ከታች ሐሳቧን ጻፈችበት፣ ፈረመችበት። በሩ ላይ ቆማ ለእኔ፣ የሚቀጥለው ክረምት ሲያልፍ ግድግዳው እንዴት እንደከረመ ወሬ ላኪልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ጸሐፊው ቅጹን ለመዝጋት ሲል፣ ለማረጋገጥ ያህል፣ የፊተኛውስ ክፍል አለኝ። ልቤ ደስ ብሎት ነበር፤ ጮክ ብዬ መለስኩለት።

«እሱማ ያለቀለት ነው።»

ጻፈው። ተሰናብተውን ሄዱ። ባለአህያው በመጨረሻ ጭዱን አራገፈ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስም ዝርዝሩ ቀበሌ በር ላይ ተለጠፈ። እኔ ልጅ ሆኜ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ነበር፤ ረስቼው የነበረውን በመሠረተ ትምህርት መልሼ ይዣለሁ። ስለዚህ ራሴ አነበብኩት። የሚታደሱ በሚለው ስር የቤት ቁጥራችን የለም። ደጋግሜ ፈለግሁት። የሚፈርሱ በሚለው ስር አገኘሁት። ትንሿ ልጄ ጀርባዬ ላይ አለቀሰች።

ጸሐፊው ዘንድ ገባሁ። ሰልፍ ነበር፤ ሰልፉን አልፌ ገባሁ፤ በሕይወቴ ሰልፍ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፋይሉን አወጣ፤ ጣቱን ቅጹ ላይ አደረገ። የፊት ክፍል ሁኔታ በሚለው አንጻር፣ ያለቀለት ይላል። የኋላ ክፍል በሚለው አንጻር ደግሞ፣ የበሰበሰ ቋሚ ያለው። ፊቱ ያለቀለት፣ ኋላው የበሰበሰ፣ ታዲያ ምኑ ይታደሳል አለኝ። እሱ ራሱ ጽፎት እሱ ራሱ ረስቶታል። በየቀኑ ስንት ቤት እንደሚያይ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ያለቀለት ያልኩትኮ ተሠርቶ ያለቀ ለማለት ነው» አልኩት።

«እትዬ፣ ያለቀለት ማለት ያበቃለት ነው። አማርኛ ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም።»

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ገቡበት። አንዷ፣ ያለቀለት ልብስ ማለት ተሰፍቶ የተጠናቀቀ ነው፣ ልብስ ሰፊው እንዲህ ነው የሚለኝ አለች። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን አንስተው የተበሳ ጫማቸውን አሳዩና፣ ይኸው ያለቀለት፣ የትኛው ልብስ ሰፊ ነው የጨረሰው አሉ። ሰዉ ሳቀ። በዚያ መሃል ባለአህያው ከሰልፉ ኋላ ብቅ አለ። እኔ ነበርኩ፣ ያለቀለት ነው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለ። ሊረዳኝ መስሎት ነው። ጸሐፊው፣ ይኸው ምስክር አለና ፋይሉን ዘጋ። የልጅቷ ጽሑፍ ኮሌጅ እንጂ ፋይሉ ውስጥ አልነበረምና፣ ሊያስተካክለው የሚችለው ቤቱን ያየችው ባለሙያ ብቻ ናት አለኝ።

ባለሙያዋን የት ላግኛት? ኮሌጁ የት እንደሆነ እንኳ ያኔ አላውቅም ነበር። ከቀበሌ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ቅርብ ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። በልቤ ዕቃ ማሰር ጀምሬ ነበር። ከየትኛው እንደምጀምር ሳስብ፣ መጀመሪያ የብስኩት ቆርቆሮዬን አልኩ። የብስኩት ቆርቆሮዬ የልጆቼን የክትባት ካርድ፣ የኪራይ ደረሰኞችን፣ የባለቤቴን መታወቂያ ግልባጭ፣ በሕይወቴ የተሰጠኝን ወረቀት ሁሉ የማኖርበት ነው። ወረቀት መጣል አልችልም፤ የጣልኩት ነው ነገ የሚጠየቀው እላለሁ። ባለቤቴ በዚህ ያፌዝብኛል። ቆርቆሮውን እንደከፈትኩ ከላይ የተቀመጠው የልጅቷ ወረቀት ነበር። ልጄ ስትጫወትበት እንዳይቀደድ ብዬ የነጠቅኳት ነው።

ከታች ያለውን ጽሑፍ ቀስ ብዬ አነበብኩት። የፊት ክፍል ጥገናው ተጠናቋል ይላል። የኋላ ክፍል ሁለት ቋሚ ይቀየር፣ የእጣቢ ውኃ ቦይ ይሠራለት ይላል። ማፍረስ ከማደስ የበለጠ እንጨት ይፈጃል፣ ፍርስራሹም ወደ ወንዙ ይገባል፤ ስለዚህ ይታደስ ይላል። ከስሩ ፊርማ አለ።

ከሽማግሌው አናጢ ጋር ተመልሼ ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ፊትና ኋላ አገላበጠው። ማኅተም የለውም አለ። ሽማግሌው፣ እንግዲያው ማኅተሙን መጥተህ እይ አሉት። ክፉ ሰው አልነበረምና መጣ። ሽማግሌው ፊተኛው ክፍል ውስጥ ያን የተፋቀውን የጥድ ቋሚ አሳይተው ሚስማርና መዶሻ ሰጡት። ጓድ፣ ምታው አሉት። መታው። ሚስማሩ ታጠፈ። ሌላ ሰጡት። እሱም ታጠፈ። ላብ አወጣው።

ሽማግሌው የታጠፈውን ሚስማር ከመሬት አንስተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ያለቀለት ይኸኛው ነው» አሉት።

ጸሐፊው ሳቀ፤ ለካ ሳቁ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ከሊቀመንበሩ ጋር ተነጋግሮ፣ ያለቀለት የሚለውን በቀይ ሰርዞ የታደሰ ብሎ ጻፈበት። ቁጥራችን ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ዞረ። ሚስማሩንም ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

የጓሮውን ግድግዳ ያደስነው በዚያው ወር ነው። ሁለት ቋሚ ገባ፣ ሁለት ቋሚ ወጣ። የወጡትን አንድደን የልጆች ገላ ማጠቢያ ውኃ አሞቅንባቸው። የአዲሶቹን እንጨቶች እግር ባለቤቴ በበርሜል ቆርቆሮ ጠቀለለው፤ ጎረቤቴ ጫማ ለበሱ አለች። ቦዩ እጣቢዬን ከግድግዳው አርቆ ጠጠርና ከሰል ወደተሞላ ጉድጓድ ወሰደው። ጭቃው የራሱ የቤቱ ነበር። ያን ቀን ጓሮ ተቀምጬ ትንሿን ልጄን እያጠባሁ፣ እርጥቡ ግድግዳ ፀሐይ ሲመታው ሳይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምፈራው ነገር አጣሁ። ፈለግሁ፣ አጣሁ።

የሚቀጥለው ክረምት እንደ ቀድሞው ከባድ ነበር። የልጆቹን ፍራሽ አንድ ቀን እንኳ አልጎተትኩም። መስከረም ሲጠባ ቃሌን ለመፈጸም አጠያይቄ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ፣ የዚያ ዓመት ተማሪዎች ጨርሰው ክፍለ ሀገር ተመድበዋል አለኝ። የት እንደሆነ አያውቅም። ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ዓመታቱም ክፉ ነበሩ፤ ሰው ተመድቦ የት እንደገባ የማይታወቅባቸው ዓመታት ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ መጠየቅም ፈራሁ።

አሁን አልፈራም። ይህን የምታነቡ፣ በዚያ ዘመን የመርካቶን ቤቶች እየዞረች የሚገባና የሚወጣ እያለች የጻፈችውን፣ መነጽር የምታደርገውን፣ በግራ እጇ የምትጽፈውን ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ ግድግዳው ደረቅ ነው በሉልኝ። ደህና መሆኗንና የት እንዳለች ደግሞ ለእኔ ላኩልኝ።